የሰማዩ መንገድ ዋጋ፦ ከለንደን ድጎማ እስከ መተማ ሜዳ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ካርቱም የሚያቀና አውሮፕላን ጎጃምን አቋርጦ፣ ጣናን በስተቀኙ ትቶ ወደ ቋራ ቆላ ያዘቀዝቃል፤ ከአልጥሽ ፓርክ በላይ አልፎም ሱዳን ይገባል። ከባሕር ዳር ቢነሳ ደግሞ ከመተማ ብዙም ሳይርቅ ነው ድንበሩን የሚሻገረው። የምዕራብ ጎንደር ቆላ እንግዲህ ለአውሮፕላን ድምፅ እንግዳ አይደለም። የጣሊያን፣ የእንግሊዝና የራሳችን አውሮፕላኖች በየዘመናቸው በላዩ ተመላልሰዋል። ለቆላው ሰው ብለው ያረፉት ግን ጥቂት ናቸው። የዚህ ምክንያት በመተማ ወረዳ ባለችው በገንዳ ውኃ ሜዳ ላይ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም። የአየር መንገድ ታሪክ ከመነሻው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ ተሳፋሪው ከሚከፍለው በላይ የሚያስወጣ በረራ ሲኖር ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? (የአገራችንን ጉዳይ በእኛው ዘመን አቆጣጠር፣ የውጭውን በአውሮፓውያኑ አስቀምጣለሁ።)

የንግድ በረራ የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ሥራ የፈቱ አብራሪዎችና ገዢ ያጡ የጦር አውሮፕላኖች ሞልተው ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1919 በለንደንና በፓሪስ መካከል ዕለታዊ በረራ ተጀመረ። የአውሮፕላኖቹ አካል በአብዛኛው እንጨትና ጨርቅ ነው፤ ተሳፋሪው ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ ጆሮውን ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ጉም ሲወርድ በረራው ይቀራል፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም ከገበሬ ማሳ ላይ ይታረፋል። በዚህ አያያዝ ከትኬት ሽያጭ ትርፍ ማግኘት የማይታሰብ ነበር።

በ1920 የእንግሊዝ የጦርና የአየር ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል፣ ሲቪል አቪዬሽን በራሱ ጉልበት መብረር አለበት፣ መንግሥት አየር ላይ ደግፎ ሊይዘው አይችልም የሚል አቋም ነበረው። ከባሕሩ ማዶ ያሉት ፈረንሳዮች እንዲህ አላሰቡም። ኩባንያዎቻቸውን ከግምጃ ቤት እየደጎሙ ትኬታቸውን አረከሱ። እንግሊዞቹ ከማይችሉት ዋጋ ጋር ሲታገሉ ቆይተው በየካቲት 1921 መጨረሻ አውሮፕላኖቻቸውን አቆሙ። ያን ጊዜ ነው ለንደን የደነገጠችው። የዓለም ሩብ የሚገዛ መንግሥት ከራሱ ዋና ከተማ ወደ ፓሪስ የሚሄድ አንድ የራሱ አውሮፕላን አጣ። ሳምንታት ሳይቆዩ ጊዜያዊ ድጎማ ተፈቀደ፤ የቸርችል መርህም በዚያው ተረሳ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ገንዘቡ ለስንት ሰው ይከፋፈል የሚል ነበር። አነስተኛ ኩባንያዎች በአንድ መስመር ላይ እየተሻሙ ሁሉም የመንግሥትን እጅ ይጠብቃሉ። በ1923 የተሰየመው የሃምብሊንግ ኮሚቴ አንድ ብቻ ይሁን አለ። በመጋቢት 31 ቀን 1924 ሃንድሊ ፔጅ ትራንስፖርት፣ ኢንስቶን ኤር ላይን፣ ዳይምለር ኤርዌይ እና ብሪቲሽ ማሪን ኤር ናቪጌሽን ተጠቃለው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ተባሉ። ዋጋው በ10 ዓመት የሚከፈል 1 ሚሊዮን ፓውንድ ድጎማ ሲሆን በየጊዜው እየቀነሰ እንዲሄድ ታስቧል፤ በምትኩ ኩባንያው በዓመት 1 ሚሊዮን ማይል የመብረር ግዴታ ገባ። አዲሱ ኩባንያ ገና ከመወለዱ አብራሪዎቹ በደመወዝ ተጣልተው አድማ ስለመቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በረራ አልጀመረም። ውህደት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አራት የደመወዝ ሠንጠረዥና አራት ዓይነት አለቃ የለመደን ሰው አንድ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌሎቹም ተከተሉ። ጀርመን በጥር 1926 ዶይቸር ኤሮ ሎይድን ከዩንከርስ የበረራ ክፍል ጋር አዋህዳ ሉፍት ሃንዛን ፈጠረች። ፈረንሳይ ዘግይታ በ1933 ኤር ፍራንስን አቋቋመች። ጣሊያን በ1934 አላ ሊቶሪያን ስትመሠርት ነገሩ ከንግድ ይልቅ የፋሽስቱ መንግሥት ክንፍ ማበጀት ነበር። በየአገሩ ዝርዝሩ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ የሚያዝዘው አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ኩባንያዎቹም ገንዘቡን ካሸተቱ በኋላ ለብቻ መኖርን እምብዛም አይመኙም።

ይህ ነገር ወደ እኛ አካባቢ የደረሰው በናይል በኩል ነው። በ1920ዎቹ ካፒቴን ግላድስቶን የተባለ ሰው ካርቱምን ከኪሱሙ ጋር በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ለማገናኘት ሞከረ፤ አልቀናውም። ታዋቂው አብራሪ አለን ኮብሃምም ገብቶበት ነበር፤ በመጨረሻ መስመሩን ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ጠቀለለው። በየካቲት 1931 ከለንደን በካይሮና በካርቱም አድርጎ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘልቀው በረራ ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት ኬፕ ታውን ደረሰ። መንገዱን የሚደጉመው የለንደን መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ቅኝ ግዛቶችም እንዲያዋጡ ተደርጓል። የሱዳንና የኬንያ ግብር ከፋይ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ለማይሳፈርበት አውሮፕላን ከፈለ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የመተማ ነጋዴ ጥጡን፣ ሙጫውንና ዕጣኑን በአህያና በግመል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ነበር የሚያወርደው። ገዳሪፍ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የባቡር ሐዲድ አላት፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም ቅርብ ነው። የአየሩ መስመር ግን ናይልን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርድ ስለነበር ከመተማ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚያልፈው።

በእኛ በኩል አውሮፕላን የመጣው በኩባንያ እጅ አይደለም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ አንዲት ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለች። ገዢው የንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ነው፤ አብራሪዎቹ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። የአውሮፕላን ምስል የታተመበት ቴምብርም ወጣ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊን የመሳሰሉ የአገር ልጆች ብዙም ሳይቆዩ የበረራ ፈቃድ አገኙ። ተፎካካሪ ኩባንያ ስላልነበረ የሚዋሃድም አልነበረም፤ መንግሥት ለራሱ ገዝቶ ለራሱ ያበርራል፤ ድጎማም ከተባለ ራሱን መደጎሙ ነው።

የበጌምድር ሰው አውሮፕላንን የተዋወቀው በመጥፎ አጋጣሚ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በመንግሥት ላይ ያመፁት የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ፣ የመንግሥት አውሮፕላኖች በሠራዊታቸው ላይ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣሉ። ሠራዊቱ ከሰማይ የወረደውን ቃል ይስማ አይስማ፣ የቦምቡ ድምፅ ግን ሥራውን ሠርቷል። ተሳፋሪና ፖስታ ከማመላለስ ይልቅ አመፅ ማብረድ የአውሮፕላን የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ መሆኑ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ያሳያል። ሂሳቡ የሚወራረደው በትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ አልነበረም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አላ ሊቶሪያ ከሮም ተነስቶ በቤንጋዚ፣ በካይሮ፣ በካርቱምና በከሰላ አድርጎ አስመራ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ጣሊያኖቹ መንገዱን የኢምፓየር መስመር ብለውታል። የእንግሊዝ ሱዳን ለዚህ በረራ ማረፊያ መስጠቷ ዛሬ ሲታሰብ ይገርማል፤ አንዱ በድጎማ የቆመ አየር መንገድ የሌላውን በድጎማ የቆመ አየር መንገድ ያስተናግዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ ድንበር ላይ ሊተላለቁ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ብርጋዴር ዊልያም ስሊም፣ ኋላ በበርማ ስሙ የገነነው፣ ጋላባትን ከጣሊያን እጅ ለማስለቀቅ የሕንድ ብርጌዱን ይዞ ዘመተ። ጋላባትና መተማ በአንዲት ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። ጋላባት በጠዋቱ ተያዘች። ለመተማ ግን የአየር ሽፋን ያስፈልጋል፤ የእንግሊዝ ግላዲያተር ተዋጊዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ሲመጡ የጣሊያን ፊያቶች በብዛት ጠብቀው በየተራ ጣሏቸው። ሰማዩ ለጣሊያን ቦምብ ጣዮች ተከፈተ፤ የጋላባት መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ምሽግ ለመቆፈርም አይመችም። ስሊም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። መተማን ጣሊያኖች የለቀቁት ከወራት በኋላ፣ በጥር ወር ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁባት ሜዳ ላይ ውጊያ በአየር የበላይነት ሲወሰን ያየ ሽማግሌ በዚያ ዕለት ሳይኖር አይቀርም። ጎንደር ራሷ የተለቀቀችው ዓመት ቆይቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ነጻነት ሲመለስ የሰማዩ ቁልፍ አብሮ አልተመለሰም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት፣ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ የሌላ አገር አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ እንዳይበር የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረበት። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በበኩሉ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ከእ.ኤ.አ. 1940 ጀምሮ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. የተባለ የመንግሥት ድርጅት ሆኗል። ያ አንቀጽ ቢጸና ኖሮ ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብለን የምንጠራው ድርጅት የዚያ ቅርንጫፍ ሆኖ የሚቀር ይመስለኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው አዲስ ስምምነት ቀንበሩ ላላ። ንጉሠ ነገሥቱና አማካሪዎቻቸው ዓመት ሳይሞላ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ፤ ያገኙት አጋር ትራንስኮንቲኔንታል ኤንድ ዌስተርን ኤር፣ በአጭሩ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ነው።

ይህ ኩባንያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የመተማን ሜዳ ከዋሽንግተን ፖስታ ቤት ጋር የሚያገናኘው ክር እዚህ ላይ ነው ያለው።

አሜሪካ ለአየር መንገድ ቀጥተኛ ድጎማ መስጠትን ትጸየፍ ነበር፤ ስለዚህ ፖስታ በሚል ስም ሰጠች። በ1925 የወጣው የኬሊ ሕግ ደብዳቤ የማመላለሱን ሥራ ለግል ኩባንያዎች አስተላለፈ። ቆየት ብሎ ክፍያው በፖስታው ክብደት ሆነ፤ መንግሥት ለአንድ ፓውንድ ፖስታ የሚከፍለው ደግሞ ቴምብሩ ከሚያስወጣው በለጠ። የነጋዴ ዓይን ይህን ወዲያው አየ። አንዳንድ ኩባንያዎች ለራሳቸው ወኪሎች ከባድ ከባድ ፖስታ ይልኩ ጀመር። ከሚሸጡት ትኬት ይልቅ አንድ ጆንያ የማይረባ ወረቀት ይበልጥ ያተርፋል፤ ተሳፋሪ ይናገራል፣ ያስመልሳል፣ ቦታ ይይዛል፤ ጆንያ ግን ዝም ብሎ ይጫናል። መንግሥት የሚያበረታታውን ነገር በአግባቡ ካልለካ ያልፈለገውን ነገር ያገኛል።

የፖስታ ሚኒስትሩ ዋልተር ብራውን በ1930 ይህን ለማስተካከል አዲስ ሕግ አስወጣ። ክፍያው አውሮፕላኑ ለፖስታ ባዘጋጀው ቦታ እንዲሆን ስለተደረገ ኩባንያዎቹ ትልልቅ አውሮፕላን ገዝተው የተረፈውን ወንበር በሰው እንዲሞሉ ተገፋፉ። ብራውን ትንንሾቹን ኩባንያዎች አይወድም፤ ከባሕር እስከ ባሕር የሚዘልቁ ጥቂት ግዙፎችን ይሻል። የኩባንያ ኃላፊዎችን ዋሽንግተን ጠርቶ ውል የሚፈልግ ይዋሃድ አላቸው። ትራንስኮንቲኔንታል ኤር ትራንስፖርትና ዌስተርን ኤር ኤክስፕረስ ሳይወዱ በግድ የተጋቡት በዚህ መንገድ ነው፤ የዌስተርን አለቃ እስከ መጨረሻው አጉረምርሟል። በሐምሌ 1930 ከጋብቻው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ተወለደ።

በ1934 ጉዳዩ ቅሌት ሆኖ ወጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ውሎቹን ሰርዘው ፖስታውን ለጦር ሠራዊቱ አብራሪዎች ሰጡ፤ በክረምት ሌሊት መብረር ያልለመዱት ወታደሮች በተከታታይ አደጋ ከ10 በላይ ሰው አጡ። ሥራው ወደ ኩባንያዎቹ ሲመለስ በብራውን ስብሰባ የተገኘ ኩባንያ መወዳደር አይችልም ተባለ። ቲ.ደብልዩ.ኤ. በስሙ ጫፍ ኢንኮርፖሬትድ የምትል ቃል ጨምሮ አዲስ ኩባንያ ነኝ ብሎ ቀረበ፤ አለፈም። እንዲህ ያለ ብልሃት እኛም አገር የማይታወቅ አይደለም።

የፖስታው ገንዘብ ግን በከንቱ አልቀረም። የኩባንያው ሰው ጃክ ፍራይ ነሐሴ 2 ቀን 1932 ለዳግላስ ፋብሪካ በጻፈው አጭር ደብዳቤ ሁለንተናው ብረት የሆነ አዲስ አውሮፕላን ጠየቀ። ከዚያ ዲሲ-1፣ ቀጥሎ ዲሲ-2፣ በ1935 ደግሞ ዲሲ-3 ወጣ፤ የጦር ሠራዊቱ ስሪት ሲ-47 ይባላል። በደንብ ያልተደለደለ ሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ በመዶሻና በትዕግሥት የሚጠገን አውሮፕላን ነው። በትኬት ሽያጭ ብቻ ራሱን ማስተዳደር የቻለ የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ድጎማ ዓላማውን ሲመታ እንዲህ ያለ ነገር ያስከትላል፦ ድጎማ የማያስፈልገውን አውሮፕላን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመነሻ ካፒታሉ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር በ25 ሺህ አክሲዮን ተከፋፍሎ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነበር፤ አስተዳደሩና አብራሪዎቹ የቲ.ደብልዩ.ኤ.። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ 5 ሲ-47ዎች ናቸው። ፍራይ ያን ጊዜ የቲ.ደብልዩ.ኤ. ፕሬዚዳንት ነበር፤ ደብዳቤው ያስወለደው አውሮፕላን ልደታ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ኩባንያው ራሱ ነው የሚያበርረው።

በዚያው ዓመት ሱዳንም የራሷን አየር መንገድ አቋቋመች። መንገዱ ሌላ ነው፤ አስተዳደሩ የሱዳን ባቡር መሥሪያ ቤት፣ ቴክኒኩ ኤርወርክ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ባቡሩ አውሮፕላኑን አዝሎ አሳደገው። ከጋላባት ማዶና ከመተማ ወዲህ በወራት ልዩነት የተወለዱ ሁለት ድርጅቶች በሁለት የተለያዩ ሞግዚቶች አደጉ፤ የዛሬ ልዩነታቸው ከዚያ ብቻ የመጣ ነው ባልልም፣ አንዱ የገበያ ሽኩቻ ባስተማረው ኩባንያ፣ ሌላው በቅኝ ግዛት ቢሮ እጅ መጀመሩ ጥቂት ለውጥ አላመጣም ማለት ይከብደኛል።

እንግዲህ የእኛ አየር መንገድ አውሮፓና አሜሪካ በድጎማና በውህደት ተጉዘው የደረሱበት ቦታ ላይ ነው የተወለደው፦ አንድ ኩባንያ፣ የመንግሥት ካፒታል፣ ተፎካካሪ የለም። አየር መንገዱ መንግሥት አይደጉመኝም ብሎ ሲናገር ይሰማል፤ በዓመታዊ በጀት ሲታይ ልክ ነው። ነገር ግን የመነሻ ካፒታል፣ የብቸኝነት መብትና በመንግሥት ስም የሚገኝ ብድር ከድጎማ ውጪ ምን ይባላሉ? ኮንቬየር የተባሉት አውሮፕላኖች በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተገዙት ከአሜሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። በዚያ ዘመን ያለዚህ የቆመ አየር መንገድ በዓለም ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ድጎማ በውስጥ የሚሄደው ነው። ከካይሮና ከአቴንስ የሚገኘው ገንዘብ ለጎሬ፣ ለደምቢዶሎ፣ ለጎባ በረራ ይውል ነበር። ዲሲ-3ቱ በየጠቅላይ ግዛቱ ሜዳዎች እንደ ገበያ ቀን አውቶቡስ ይዞር ጀመር። ውስጡ ግራና ቀኝ በግድግዳው ላይ የሚታጠፍ የብረት አግዳሚ አለ፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። መሐል ላይ የቡና ጆንያ፣ ቆዳ፣ የማር ቆርቆሮ በገመድ ታስሮ ተከምሯል። ክንፉ ሲያጋድል የሁሉም ዓይን ወደ ጭነቱ ነው። ከጅማ ቡና በአውሮፕላን የወጣው በዚህ ዓይነት ነው፤ መንገድ ሳይገባ አውሮፕላን የገባባቸው ወረዳዎች ነበሩ።

ሰሜን ምዕራቡ ቆላ በዚህ መዝገብ ውስጥ የገባው በሰሊጥና በጥጥ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ያኔ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ሰቲት ሁመራ የትራክተር እርሻ አገር ሆነች፤ ባለሀብቱ ከአስመራና ከአዲስ አበባ፣ ለአጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይጎርፍ ጀመር። ባለእርሻው አውሮፕላን ይፈልጋል፣ ይከፍላልም። የቀን ሠራተኛውና ሞፈር ዘመቱ በእግሩ ይሄዳል። መተማም ሜዳዋን አገኘች። በዓለም የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ላይ ዛሬም የመተማ ወረዳ ከተማ የሆነችው ገንዳ ውኃ ኢ-ቲ-ኢ የሚል ባለሦስት ፊደል መለያ አላት። እንዲህ ያለው መለያ ለትኬትና ለሻንጣ የሚያገለግል ነው፤ አውሮፕላን ፈጽሞ ላልታሰበበት መስክ አይሰጥም።

መሬቱ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው እግር ያስገባል። ሰኔ ገብቶ ሲረጥብ ይላቁጣል፤ በሬው በጉልበቱ፣ ትራክተሩ በጎማው ይዋጣል። የዲሲ-3 ዋና ጎማ በዚህ ላይ ካረፈ መነሳቱ አጠራጣሪ ነው። ጠጠር ካልፈሰሰና ውኃ መውረጃ ካልተቆፈረ ሜዳው የበጋ ሜዳ ብቻ ነው። በክረምት፣ መንገዱ ተቆርጦ ወባው ሲበረታ፣ ማለትም አውሮፕላን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈለግበት ወቅት፣ ማረፊያው ራሱ አይገኝም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ወጪ ከአውሮፕላኑ ነዳጅ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እውነተኛው ድጎማ መሬት ላይ የሚፈስ ጠጠር ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ ሰማይ ካለፉት በረራዎች ሁሉ የበለጠ ያነጋገረው ትኬቱ ያልተቆረጠለት ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1961 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ብርሃነ መስቀል ረዳና ጓደኞቹ ከባሕር ዳር የተነሳ ዲሲ-3 አስገድደው ካርቱም አሳረፉ። ከዚያ በኋላ በድንበሩ አካባቢ ያለ ሜዳ ለመንግሥት ዓይን የስጋት ቦታ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት) ሁመራንና መተማን ሲይዝ የሲቪል በረራ ጉዳይ እዚያው አበቃ።

አየር መንገዱ በ1963 ዓ.ም. በኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ አገኘ፤ ከቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር የነበረው ውልም በ1967 ዓ.ም. ተፈጸመ። ኋላ የመጡት ትዊን ኦተር የተባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለጭቃ ሜዳ የተሠሩ ነበሩ፤ እነሱ ሲሄዱ ግን የቀሩት አውሮፕላኖች አስፋልት ይጠይቃሉ። ብዙ የወረዳ ሜዳ ለከብት መዋያ ሆነ። ተፎካካሪ ቢኖር ኖሮ ትልቁ የተወውን መስመር ትንሹ ያነሳው ይሆን? አሜሪካ በ1978 ገበያውን ክፍት ስታደርግ ይህን ስለፈራች ለትንንሽ ከተሞች በረራ የሚከፍል ልዩ ድጎማ አብራ አስቀመጠች፤ ዛሬም ይከፈላል። ህንድም ተመሳሳይ ነገር ሠርታለች። እኛ ዘንድ የአገር ውስጡ በረራ የሚደጎመው በአንድ ኩባንያ ሆድ ውስጥ ነው፤ ለየትኛው ከተማ ስንት ብር እንደወጣ በይፋ የሚከራከርበት ምክር ቤት የለም። ድጎማው በግልጽ ቢወጣ መተማ ከሌላው ጋር ተወዳድራ ትሸነፍ ይሆናል፤ ቢያንስ በምን እንደተሸነፈች ታውቃለች።

ለቆላው የተሰጠው የመንግሥት ገንዘብ በመሬት መጣ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ቤንዚን በመተማ በኩል ሲገባ ጎንደር አጠገብ ካለችው አዘዞ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ የሚወርደው መንገድ ተሻሻለ፤ ቦቴው በቦቴ ላይ ተሰለፈ። በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር ሲከፈል ምዕራብ ጎንደር ራሱን ችሎ ዞን ሆነ፤ ገንዳ ውኃ ዋና ከተማው። ቅርቡ የአየር ማረፊያ ግን አዘዞ ላይ ያለው ነው፤ ስሙም የቋራው ካሣ የነገሡበት፣ አፄ ቴዎድሮስ። ቋራ እስከዛሬ መደበኛ በረራ አያስተናግድም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳና የካርቱም ማረፊያ ሲዘጋ፣ የልዩ ልዩ አገር ዜጎች በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ። ዲፕሎማቱም፣ የነዳጅ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በአውቶቡስ ዳገቱን ወጥቶ ጎንደር ላይ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው። ሱዳናዊው ስደተኛና ተመላሹ ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ በአብዛኛው እዚያው ቆላው ውስጥ ቀረ። ለጥቂት ሳምንታት በክልሉ በጣም የተጨናነቀው የዓለም አቀፍ ተሳፋሪ መተላለፊያ፣ በመለያ ፊደሉ ብቻ የሚታወቅ ማረፊያ ያለባት ከተማ ነበረች።

ኢትዮጵያ የራሷን ውህደት ያየችው ከዚህ ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የአየር ማረፊያዎች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር ተጠቃሎ በአንድ ግሩፕ ሥር ገባ፤ ቆይቶ ሁሉም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ንብረት ሆነ። ኢምፔሪያል ኤርዌይስን ከወለደው ውህደት ይህ በአንድ ነገር ይለያል። እዚያ የተዋሃዱት የሚበርሩት ናቸው፤ እዚህ የሚበርረውና ሜዳውን የሚሠራው። ቀድሞ ሜዳ ይሠራልን ብሎ የሚጠይቅ ከተማ አንዱን መሥሪያ ቤት፣ በረራ ይጀመርልን ብሎ ሲጠይቅ ሌላውን ይለምን ነበር፤ አንዱም በሌላው እያመካኘ መልሶ ይሸኘዋል። አሁን የገንዳ ውኃ ሽማግሌዎች ማመልከቻቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ ጠጠሩንም፣ አውሮፕላኑንም፣ ኪሳራውንም በሚያሰላ አንድ ጠረጴዛ ፊት ነው የሚቀመጡት።